ሽማግሌ የላከች ልጅ

ስርጉት ታዲዮስ በገዛ አባቷ ላይ ሽማግሌ ላከች።

በቴክሳሷ ጋርላንድ በሚኖረው ሐበሻ ዘንድ ሽማግሌ የሚላከው ልጃገረድ ለመጠየቅ፣ የተኳረፉ ባልና ሚስት ለማስታረቅ፣ ወይም ሁለት ሰዎች በሽርክና የከፈቱት ሱቅ ሲፈርስ ነገሩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ለማብረድ ነው። የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ፣ ያውም የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ይዛ፣ የሽማግሌ ደጅ ስትጠና ከዚያ በፊት ያየም የሰማም አልነበረም።

ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ከጎኗ ያልተለየችው ጓደኛዋ ሳጂዳ ነገሩን በምሳ ሰዓት ስትሰማ፣ የጎረሰችው ሳንድዊች ትን ሊላት ምንም አልቀራት።

«ዌይት፣ ዌይት። ሽማግሌ? ልታገቢ ነው እንዴ?»

«አትቀልጂ፣ ሳጂ።»

«ሙሽራው ማነው? ኢንዲያና?» ሳጂዳ አፏን በእጇ ከድና ሳቀች። «ኦኬ፣ የምሬን ነው። ሽማግሌ የሚያስታርቀው የተጣላ ሰው ነው። አንቺና አባትሽ አልተጣላችሁም። አንቺ አንድ ነገር ትፈልጊያለሽ፣ እሱ ሌላ ይፈልጋል። ምኑን ነው የሚያስታርቁት?»

«እውነቱን ይሰማሉ፤ ሰምተው ይፈርዳሉ» አለች ስርጉት።

«ኢንሻአላህ» አለች ሳጂዳ፤ ፊቷ ላይ ግን እምነት አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ስርጉት ከክፍሏ አንደኛ ሆና ልትመረቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሯት፣ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ለኤሌክትሪክ ምህንድስና ተቀብለዋት ነበር። አንደኛው እዚሁ ቴክሳስ፣ ኦስቲን ውስጥ ነው። በመኪና ከሦስት ሰዓት ብዙም አይርቅም፤ የስቴቱ ነዋሪ ስለሆነች ክፍያው ይቀላል፤ ስሙም የተከበረ ነው። ሁለተኛው ሩቅ፣ በሰሜን በኩል ኢንዲያና ውስጥ ነው። ከሌላ ስቴት ለሚመጣ ተማሪ ክፍያው የሚያስደነግጥ ቢሆንም፣ ከፍ ያለ ስኮላርሺፕ ሰጥተው ልዩነቱን አጥብበውላታል። ከሁለቱ አንዱን እስከ ሜይ አንድ መምረጥ ነበረባት፤ ከዚያ ወዲያ በሩ ይዘጋል።

ልቧ ያደላው ወደ ኢንዲያና ነበር፤ ለዚያም ምክንያት ነበራት። የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ያ ክፉ የበረዶ ማዕበል ቴክሳስን በመታ ጊዜ፣ መብራት ጠፍቶ የሚኖሩበት አፓርትመንት ቧንቧ ፈነዳ። አባቷ ታዲዮስ የኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስባትን ቫን አስነሥቶ፣ ማሞቂያዋን ከፍቶ፣ ቤተሰቡን በሙሉ እዚያ ውስጥ አሳደረ። ከታች ቤት በኦክስጅን ማሽን የሚተነፍሱ አንዲት አሮጊት ይኖሩ ነበር። ታዲዮስ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ተሸክሞ አመጣቸው፤ ማሽኑን ከመኪናዋ ባትሪ ጋር ለማገናኘት ታገለ፤ አልሆነም። አምቡላንሱ ሲደርስ ስርጉት የአሮጊቷን እጅ እንደያዘች ነበረች፤ እጁ ግን ከቀዘቀዘ ቆይቷል። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ጥያቄ ከልጅቷ ልብ አልወጣም፦ ሰው በገዛ ቤቱ፣ በሠለጠነ ከተማ መሀል፣ ብርሃን አጥቶ ለምን ይሞታል? በኢንዲያናው ዩኒቨርሲቲ ያለ አንድ ቤተ ሙከራ የሚመረምረው ይህንኑ ነበር፤ ብርድና በረዶ የኤሌክትሪክ መስመሮችን ሲመታ የሚሆነውንና መሆን የሌለበትን። ቤተ ሙከራውን የምትመራው ፕሮፌሰር ለስርጉት ራሷ ጽፋላት፣ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምራ አብራት እንድትሠራ ቦታ ይዛላታለች።

ታዲዮስ ይህን ሁሉ ሰምቷል። መልሱ ግን ከማርች ጀምሮ አንድ ብቻ ነበር።

«ኦስቲን። በቃ።»

«አባዬ፣ እስቲ መጀመሪያ ስማኝ።»

«ሰማሁሽ እኮ። ኢንጂነር መሆን ፈለግሽ፤ ኦስቲን ኢንጂነር ያደርጋል። እዚያ በረዶ ውስጥ ብትታመሚ ማን ይደርስልሻል? ከኦስቲን ኮል ብታደርጊልኝ፣ እናትሽ ያወጣችው ወጥ ሳይቀዘቅዝ እደርሳለሁ።»

እሷ ማስረጃ በደረደረች ቁጥር እሱ መሪውን ጨብጦ እንደሚነዳ ሰው ፊቱን ወደፊት ብቻ ያደርግ ነበር። በመጨረሻ መነጋገር አቆሙ። አንዱ ሳሎን ሲገባ ሌላው ይወጣ ጀመር።

ሽማግሌ የመላኩ ሐሳብ የመጣላት ያኔ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ታዲዮስና እናቷ አባይነሽ ክፉኛ ተጣልተው፣ እሱ ልብሱን ሰብስቦ ፎርት ዎርዝ አንድ ጓደኛው ዘንድ ከርሞ ነበር። ነገሩ ጠበቃ እስከ ማነጋገር ደረሰ። ያን ጊዜ ጋሽ ወልዴና ቀሲስ እንድሪያስ መጡ። ጋሽ ወልዴ ከጋርላንድ እስከ ካሮልተን የታወቁ አስታራቂ ናቸው፤ እሳቸው ገብተውበት ያልበረደ ጠብ የለም ይባላል። ገና ወንበር ሳይሞቃቸው ሁለቱን አቁመው፣ «ከምንለው ትወጣላችሁ ወይስ አትወጡም?» ብለው ጠየቁ። «ከቃላችሁ አንወጣም» አሉ ባልና ሚስቱ። ጋሽ ወልዴም ከዚህም ከዚያም ቆረሱ፤ እሱ የሌሊት ሥራውን እንዲተው፣ እሷም ሳሎኑን መኝታ ቤቱ ላደረገው ወንድሟ ሌላ ማደሪያ እንድትፈልግለት። ማንም አላሸነፈም፣ ማንም አላፈረም። አባቷ ልብሱን ይዞ ተመለሰ።

ስርጉት ይህን ሁሉ በኮሪደሩ ጥግ ቆማ ሰምታለች። አሜሪካ ተወልዳ ያደገችው ልጅ ያለ ዳኛና ያለ ፊርማ፣ በአንድ ቃል ብቻ የፈረሰ ቤት ሲቆም ተመለከተች። ከዚያ የሚበልጥ ፍትሕ በመጽሐፍም አላነበበችም። እንግዲህ ያን የመሰለ ዳኝነት በእጇ እያለ፣ ከአባቷ ጋር በጩኸት ለምን ትጨርሰው? እውነት ከእሷ ጋር ናት፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ እውነትን ይወዳሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ጋሽ ወልዴ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ሶፋው ላይ ተመቻቹ፤ ቀሲስ እንድሪያስ ከጎናቸው። አባይነሽ ዳቦና ለስላሳ አቀረበች። ዘጠኝ ዓመት የሆናት የስርጉት ታናሽ እህት ሳሮን ወደ መኝታ ክፍል ተላከች። ታዲዮስ በገዛ ቤቱ ክራባት አስሮ ተቀምጧል፤ እንደ ተከሳሽ።

«እንግዲህ፣» አሉ ጋሽ ወልዴ፣ «ዕድሜ ለዚህች ልጅ፤ በዚህ ሁሉ የሽምግልና ዘመኔ በዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነው።»

«ለካ በቅዳሴው ያንቀላፉት ለዚህ ጉልበት ሊቆጥቡ ኖሯል» አሉ ቀሲስ።

«እርስዎ ስብከቱን ሲያስረዝሙት እኔ ምን ላድርግ?»

ሁሉም ሳቁ። ታዲዮስ ብቻ አልሳቀም።

«በሉ፣ መጀመሪያ ልማዱ ይቅደም።» የጋሽ ወልዴ ድምፅ ከበድ አለ። «ልጄ፣ ከምንለው ትወጫለሽ ወይስ አትወጪም?»

ስርጉት ብድግ አለች። ይህን ጥያቄ ስትጠብቀው ነበር፤ ደረቷ ውስጥ አንዳች ክብር ሲሞላ ተሰማት። «ከቃላችሁ አልወጣም።»

«ታዲዮስ?»

እሱ ክራባቱን ላላ አደረገ። «ልጄ ናት የጠራቻችሁ። እሷ ካልወጣች እኔም አልወጣም።»

ከዚያ እንድትናገር ፈቀዱላት። ስርጉት የተናገረችው ቀን ከሌት በልቧ ስታዘጋጀው በከረመችው አማርኛ ነበር። ስለ በረዶው፣ ስለ አሮጊቷ እጅ፣ ስለ ቤተ ሙከራው፣ ስለ ያዙላት ቦታ ነገረቻቸው። ቀሲስ እንድሪያስ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «የተባረከ ሐሳብ ነው» አሉ። ጋሽ ወልዴም ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ጊዜ ስርጉት አሸነፍኩ ብላ አሰበች።

ታዲዮስ ግን ብዙ አላለም። «የልጄን ሐሳብ አልነቅፍም። ኦስቲን ይበቃታል ነው የምለው።»

ጋሽ ወልዴ ወደ አባይነሽ ዞሩ። «አንቺስ? አንድም ቃል አልወጣሽም።»

ለካ ከማርች ጀምሮ ማንም አልጠየቃትም ነበር። አባይነሽ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች። «እኔማ ምን አውቃለሁ፣ ጋሼ። ኦስቲን ብትሉኝም ኢንዲያና ብትሉኝም ለእኔ ያው ነው፤ ከነርሲንግ ሆሙ ሥራ ደክሞኝ ስገባ አልጋዋ ባዶ ነው።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ዓይኔ እያያት ብትማር ነበር የምወደው። ግን ማን ይሰማኛል?»

ሽማግሌዎቹ ሊመካከሩ ወደ በረንዳው ወጡ። በመስታወቱ በር በኩል ጋሽ ወልዴ በእጃቸው ወደ ግራ ሲያመለክቱ፣ ወደ ቀኝ ሲያመለክቱ፣ ኋላም ሁለቱን መዳፎቻቸውን ቀስ ብለው ሲያጋጥሙ ታዩ። ስርጉት ይህን የእጅ እንቅስቃሴ ታውቀዋለች። ወላጆቿን ባስታረቁ ቀንም፣ ከሁለቱም ወገን ከመቁረሳቸው በፊት እንዲሁ አድርገው ነበር።

ተመልሰው ተቀመጡ። «እኛ» አሉ ጋሽ ወልዴ፣ «አሸናፊና ተሸናፊ ትተን ከዚህ ቤት አንወጣም። ኢንዲያና ብንል አባትሽ ከልጁ ፊት አንሶ ይቀራል። ኦስቲን ብንል አንቺ ቅሬታ ቋጥረሽ ትሄጃለሽ። እናትሽ ደግሞ በሁለቱም ታለቅሳለች። ሶ፣ ሁለቱም ይቅር። ዘንድሮ እዚሁ ሰፈር ካለው የሁለት ዓመት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ትገቢያለሽ፤ ከቤትሽ እየወጣሽ ትማሪያለሽ። ለከርሞ፣ እግዜር ካለ፣ እንደገና እንቀመጣለን። የእኔ ልጅ እዚያ ጀምሮ አይደል ፋርማሲስት የሆነው?»

ስርጉት እንደገና ብድግ አለች።

«ጋሽ ወልዴ፣» አለች ስርጉት፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እንደዚያ አይሆንም። ስኮላርሺፑ ከሃይስኩል በቀጥታ ለሚገባ ብቻ ነው። ቦታው ለከርሞ አይቆይልኝም። የኦስቲኑም እንደዚሁ። ሁለቱም ይዘጋሉ።»

«አንዲት ዓመት ምን አላት፣ ልጄ? ዕድሜሽን ያርዝመው እንጂ።»

«የአንድ ዓመት ነገር አይደለም እኮ፣ እኔ—»

«ልጄ፣» አሉ ቀሲስ እንድሪያስ በለሆሳስ፣ «ቃልሽን ሰጥተሻል።»

ስርጉት ወደ አባቷ ተመለከተች። የታዲዮስ ፊት ዐመድ መስሏል፤ ኦስቲንም ከእጁ ወጥቷል። ከዚያ ጋሽ ወልዴ «በሉ ተሳሳሙ» አሉ፤ እሷም ጎንበስ ብላ የአባቷን ጉልበት ሳመች፣ እሱም ግንባሯን ሳመ። ቀሲስ በመስቀላቸው ባረኩ። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ አባይነሽ በሩ ድረስ እየተከተለች እልል ልትል ትንሽ ቀራት።

በማግሥቱ አባይነሽ ለስርጉት ክፍል አዲስ ጠረጴዛ አስመጣች። «መስኮቱ ጋ ላድርግልሽ? ብርሃኑ ይመጣልሻል» አለች፤ በለሆሳስም ታዜም ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ስርጉት እናቷን እንዲህ ስታዜም ሰምታት አታውቅም። «አዎ እማዬ፣ መስኮቱ ጋ» ብላ ጠረጴዛውን አብራት ገፋች።

ሳጂዳ ግን አበደች። «ሰንሰለት አስረውሻል እንዴ? ቃል ነው! ላፕቶፕሽን ክፈቺ፣ ክሊክ አድርጊ፣ ሂጂ። ስኮላርሺፕ የሚከለክልሽ ሽማግሌ የለም።»

«አባዬ ወደ ቤት የተመለሰው በዚያው ቃል ነው፣ ሳጂ። ሰዎቹም እነዚያው ናቸው። ዛሬ እኔ ከቃላቸው ከወጣሁ፣ ነገ እሱ ወይ እማዬ ለምን ይጠብቁታል? ሳሮን ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው።»

«አንቺ የዓለምን ኤሌክትሪክ ልትጠግኚ ነው የተፈጠርሽው፤ የእነሱን ትዳር አይደለም።»

ስርጉት ቦርሳዋን አንሥታ ወደ ክፍል ሄደች። ትክክል ነገር ሁልጊዜ ወደ ትክክል ቦታ ያደርሳል ብላ ነበር የኖረችው። አሁን ግን እያንዳንዱን እርምጃዋን ወደ ኋላ ስትመረምር ስሕተቱን ማግኘት አልቻለችም፤ ሽማግሌዎቹ ክፉ አልነበሩም፣ እናቷ አልዋሸችም፣ እሷም ያመነችበትን ነበር ያደረገችው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኢንዲያናን አልመጣም ብላ መለሰች። ፕሮፌሰሯም በዚያው ቀን መልሳ ጻፈችላት፤ እንዳዘነች፣ ቦታውን ለሌላ ተማሪ እንደምትሰጥ፣ መልካሙን ሁሉ እንደምትመኝላት። ስርጉት ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያ ለሳሮን የቤት ሥራ ልታግዛት ሄደች።

ዓርብ ሜይ አንድ ነበር። ታዲዮስ ጠዋት በቫኗ ትምህርት ቤት አደረሳት፤ ነገር ግን እንደ ወትሮው በር ላይ አውርዷት አልሄደም። መኪና ማቆሚያው ጥግ ፓርክ አድርጎ ሞተሩን አጠፋ።

«ስርጉት። ኦስቲኖቹን እሺ በያቸው።»

ወደ እሱ ዞረች።

«እስከ ዛሬ ማታ ጊዜ አለ አይደል? እሺ በያቸው። ለጋሽ ወልዴ እኔ እነግራቸዋለሁ። ቢቆጡም ይቆጡኝ።»

«እማዬስ?»

መሪውን በሁለት እጁ ያዘ።

«አባዬ፣ ከቃላቸው ከወጣህ... ፎርት ዎርዝስ?»

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።»

«ያው ቃል ነው። እማዬም ያው ነው የምትለው።»

ታዲዮስ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። ሲናገር ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። «እኔ እኮ የፋሲካ ሰሞን ጃኬት ገዝቼልሽ ነበር። የኢንዲያና ብርድ ምን ያህል እንደሆነ አንዱን መንገደኛ ጠይቄ፣ እሱ የነገረኝን ገዛሁ። ጃኬቱ ከኋላ ነው፣ ከወንበሩ ሥር። እሺ ልልሽ ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ነበር። በዚያው ሳምንት ጋሽ ወልዴ ደወሉና፣ "ልጅህ ሽማግሌ ልካብሃለች" አሉኝ።» ቀና አለ። «ኤርፖርት ያሉት ሹፌሮች ሁሉ ሰሙ። "ምን ብትበድላት ነው?" እያሉ ሳቁብኝ። ከዚያ በኋላ እሺ ብል ተገዶ ነው ይሉኛል ብዬ... እልህ ያዘኝ፣ ልጄ። ዝም ብለሽ አንድ ጊዜ ብትለምኚኝ ኖሮ።»

ስርጉት ልታለቅስ ፈለገች፤ እንባው ግን አልመጣም። «አላወቅሁም» ነው ያለችው።

«ከየት ታውቂያለሽ? እኔስ መቼ ነገርኩሽ?» ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። «ሂጂ፣ ግቢ። ኦስቲንን እሺ በይና ደውዪልኝ። እስክትደውዪ እዚሁ ነኝ።»

ኮሪደሩ የሚገቡበትን ዩኒቨርሲቲ ስም የያዘ ቲሸርት በለበሱ ተማሪዎች ተሞልቶ ነበር፤ የዓመቱ ልማድ ነው። ሳጂዳ የአርሊንግተኑን ዩኒቨርሲቲ ሰማያዊ ለብሳ ከሩቅ አየቻት፣ እጇን አነሣች፣ ከዚያ የስርጉትን ነጭ ሸሚዝ አይታ እጇን አወረደች። ስርጉት ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥታ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ በመስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። ላፕቶፕዋን ከፈተች።

እሺ ብትል አባቷ ከጋሽ ወልዴ ፊት ቃል አፍራሽ ሆኖ ይቆማል፤ እናቷም የተሰበረውን ቃል ከእንግዲህ በየጠቡ ታነሣዋለች፤ አንድ ቀንም ልብሱን ይሰበስባል። እምቢ ብትል ደግሞ አባቷ ያን ጃኬት ባየ ቁጥር የዘገየባትን ቀን እያስታወሰ ያረጃል። የትኛው በደል እንደሚያንስ የሚነግራት ቀመር ፈለገች። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንደኛ ስትወጣ እንዲህ ያለ ጥያቄ አንድም ቀን አልተጠየቀችም።

የኦስቲኑን ገጽ ከፍታ፣ አልመጣም የሚለውን ነካች። እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። እንደገና ነካች።

ከዚያ ለአባቷ ጻፈችለት፦ «ሁለቱንም ዘግቻለሁ። ሥራ ሂድ፣ አባዬ።»

በመስኮቱ ወደ ታች አየች። ቫኗ ጥግ ላይ ቆማለች። መልእክቱ እንደደረሰው ታውቃለች፤ አንብቦታል የሚለው ምልክት ስልኳ ላይ ወጥቷል። ደወሉ ተደወለ፤ ተማሪዎች እየተሳሳቁ ወደየክፍላቸው ተበተኑ፤ ኮሪደሩ ጸጥ አለ። የካልኩለስ መምህሯ ይጠብቋታል። ስርጉት አልተነሣችም፤ ቫኗም አልተንቀሳቀሰችም።